የሱማር ጆሮና የሃሚር አርባ አንድ ቃጭሎች

ወጡ። አርባ አንዱም ወጡ። ዛሬ ጠዋት፣ ፀሐይዋ ከግራሩ አናት ከፍ ሳትል፣ በበጎች አንገት ላይ እየተንቃጨሉ በሰፈራችን መሐል አልፈው ወደ ምሥራቅ ወጡ። አንዱም አልቀረ፤ አንዱም «ይኼ የኔ አይደለም» ተብሎ አልተመለሰ። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ወሬ ይዤ ቁጭ ማለት አልችልበትም፤ ግን የማን ደስታ እንደሆነ ሳልናገር ብሮጥ ደግሞ ወሬው ግማሽ ሆኖ ይቀራል።

ደስታው የቃጭል ሠሪው የሱማር ነው። ባለደስታው ግን በዚህ ሰዓት ቀኝ ትከሻውን በትራስ ደግፎ፣ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ ተኝቷል። ሚስቱ ሀዋባይ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ መጪውን ሁሉ «ተኝቷል፣ ቆየት ብላችሁ ኑ» እያለች ትመልሳለች። ደክሞታል። ድካሙ ደግሞ የዛሬ አይደለም።

ሱማር ሃምሳ ስምንት ዓመቱ ነው። ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ ከመዶሻ አልተለየም። አባቱም፣ አያቱም፣ ከሲንድ አገር በረሃውን አቋርጠው የመጡት ቅድመ አያቶቹም ቃጭል ሠሪዎች ነበሩ። ሥራውን ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ያረጀ በርሜል ይቆረጣል፤ ቆርቆሮው ይቀጠቀጣል፤ ጠርዝና ጠርዙ እንደተጠላለፈ ጣት ተቆላልፎ ያለ ብየዳ ይያያዛል። ከዚያ ሀዋባይ በውኃ ታርሰውና የመዳብ ብናኝ ትነሰንስበታለች፤ በጥጥና በጭቃ ትጠቀልለዋለች፤ እሳት ይገባል። ጭቃው ሲሰበር ያ ዝገታም ቆርቆሮ መዳብ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ቀልቶ ይወጣል። እስከዚህ ያለውን ማንም ቀጥቃጭ ቢለምደው ይለምደዋል። ሱማርን ሱማር ያሰኘው ከዚህ በኋላ ያለው ነው፤ ቃጭሉን መቃኘቱ።

በእኛ አገር ቃጭል ለጌጥ አይታሰርም። እረኛ አቧራ ውስጥና እሾህ ጫካ ውስጥ መንጋውን የሚያየው በጆሮው ነው። እያንዳንዱ የአርቢ ቤት የራሱ ድምፅ አለው፤ ከአባት ወደ ልጅ እንደ ስም ይወረሳል። የሃሚር ቤት ድምፅ ወፈር ያለ፣ መጨረሻው ላይ እንደ ሽማግሌ ሳል ሰበር የሚል ነው። የሙሳ ቤት ድምፅ ደግሞ ቀጭን፣ ቶሎ የሚቆረጥ ነው። ቃኚ የሠላሳ ቤት ድምፅ በጭንቅላቱ ይይዛል፤ ወረቀት ላይ የሚሰፍር ነገር አይደለም። ቃጭሉን በግራ እጁ አንጠልጥሎ የቃጭሉን ከንፈር በትንሽ መዶሻ ነካ ያደርገዋል፣ ያዳምጣል፣ ደግሞ ነካ ያደርገዋል። አንድ ምት ከበዛ ያ ድምፅ ሄደ ማለት ነው። ስለዚህ የሚቃኘው ጎህ ሲቀድ፣ ቁራ ሳይነቃ ነው። ሀዋባይ ዶሮዎቿን ቅርጫት ትደፋባቸዋለች፤ ጎረቤት ሙቀጫ አይነካም፤ ውኃ ቀጂዎች እንኳን በሱማር ደጅ ሲያልፉ እንስራ ከእንስራ አያጋጩም። አባቱ «ቃጭል የሚወለደው ዝምታ ውስጥ ነው» ይለው ነበር፤ ሱማርም ይህን ቃል እንደ ጸሎት ይዞት ኖረ።

በሽታው የጀመረው በስኳር ነው፤ አሥራ ሁለት ዓመት ሆነው። መጀመሪያ ጥማት ነበር፤ ቀጥሎ እግሩ ደነዘዘ። አንድ ቀን ፍም እግሩ ላይ ወድቆ ሳለ ሱማር ያወቀው ሽታው ሲመጣ ነው፤ «ማነው ቆዳ የሚያቃጥለው?» ብሎ ዙሪያውን አየ። ቀጥሎ ቀኝ ትከሻው ደረቀ፤ ክንዱን ከጆሮው በላይ ማንሣት አቃተው። ቀጥሎ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች እንጨት ሆኑ፤ መዶሻው እንዳያመልጠው በጨርቅ ከመዳፉ ጋር ያስረው ጀመር። ይህን ሁሉ ቻለው። «መዶሻው እስከታሰረ ድረስ ሰውየው አልተፈታም» እያለ ይቀልድበትም ነበር።

የዛሬ ሁለት ዓመት ግን ጆሮው መጣ። አንድ ጠዋት ሲነቃ የሆነ ቃጭል አልቆም ብሎ ሲጮህ ሰማ። ነፋስ የሚያወዛውዘው መስሎት ተነሥቶ ወደሚሠራባት ጎጆ ገባ፤ የተሰቀሉትን አንድ በአንድ በእጁ እየያዘ ዝም አሰኛቸው። የመጨረሻውንም ያዘ፤ ድምፁ ግን አሁንም አለ። ያን ጊዜ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለ። ድምፁ ግራ ጆሮው ውስጥ ነበር። በወሩ ቀኙም ተከተለው። ከዚያን ቀን ወዲህ ሲበላም፣ ሲሰግድም፣ ከሰው ሲያወራም አልተለየውም።

እንግዲህ ሐኪም ቤት መመላለስ ተጀመረ። ከመንደራችን ከተማው ድረስ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ሱማር ወረቀቱን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይይዛል፤ ፌስታሉ ሲቀደድ ሀዋባይ በሌላ ፌስታል ትደርበዋለች፤ አሁን አራት ድርብ ሆኗል። በመጀመሪያው ቀን ጆሮዬ ብሎ ቢሄድ ስኳሩን ለኩት፤ ከፍ ብሏል ብለው መድኃኒቱን ለወጡለት፤ ስለ ጆሮው ሳይነሣ ተራው አለፈ። በሁለተኛው፣ የጆሮ ሐኪም የሚመጣው ማክሰኞ ነው አሉት፤ ያን ቀን ረቡዕ ነበር። ማክሰኞ ጠብቆ ሄደ፤ ሐኪሙ ጆሮውን በውኃ አጥቦ ኩክ አወጣለትና ደህና ነህ አለው። ደህና አልነበረም። በአራተኛው የመመርመሪያ ማሽኑ ለጥገና ሄዷል ተባለ። በአምስተኛው ማሽኑ ተመልሷል፤ ማሽኑን የሚያውቀው ሰው ግን ተዛውሯል፤ ክፍሉም የአሮጌ ካርድ ማከማቻ ሆኗል። አንድ የግል ሐኪም ደግሞ ጆሮ ውስጥ የሚሰካ ማዳመጫ ሸጠለት። ሱማር ሰክቶት ከመቀጥቀጫው መስፍ አጠገብ ሲቀመጥ የመጀመሪያው የመዶሻ ምት ዓይኑን አጨለመው። አውጥቶ በሚስማር ጣሳ ውስጥ ከተተው፤ እስካሁን እዚያው አለ። የሚያገኘው ሐኪም ሁሉ «ምንህን ነው ያመመህ?» ብሎ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ያን ፌስታል ግን የሚከፍተው የለም።

አንዲት ወጣት ሐኪም ብቻ ደህና አድርጋ ጠይቃዋለች። ድምፁ ምን ይመስላል አለችው፤ ፉጨት ነው? ፌንጣ ነው? ነፋስ ነው? ሱማር ቃጭሎቹን በመጠናቸው ቁጥር ሰጥቶ ነው የሚያውቃቸውና፣ ብዙ አስቦ «ሦስት ቁጥር ቃጭል ነው» አላት። ፈገግ አለችና «ፉጨት» ብላ ጻፈች። ሱማርም በሚቀጥለው ቃጭሉን ራሱን ይዤላት እመጣለሁ ብሎ በልቡ ያዘ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሥራውን አላቆመም። እግሩ ሲያብጥ ተቀምጦ፣ ትከሻው ሲከፋ በግራው፣ ብቻ አላቆመም። ሥራ ፈትቶ ቢቀመጥ ያን ጆሮ ሲያዳምጥ ሊውል ነው።

እዚህ ላይ ሃሚር ይምጣ። ሃሚር ራባሪ ከሚባሉት በግ አርቢዎች አንዱ ነው፤ አራት መቶ በጎች አሉት። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያበቃ መንጋውን እየነዳ ወደ ምሥራቅ ይወርዳል፤ ከስምንት ወር በኋላ ይመለሳል። ባለፈው ጎርፍ የአባቱ ቃጭሎች ከነማደሪያው ስለተወሰዱበት አርባ አንድ አዲስ አዝዞ ነበር። ሱማር ሠርቶ፣ ቃኝቶ፣ ደረቱን ነፍቶ አስረከበው። በዚያው ሰሞን ለሙሳም አሥራ አምስት አስረክቦ ነበር።

ሃያ ቀን ሳይሞላ ሃሚር ተመለሰ። አርባ አንዱም ቃጭል በጆንያ ሆኖ ግመሉ ላይ ተጭኗል። ሃሚር በሱማር ደጅ ላይ አንድ በአንድ ደረደራቸው፤ ሻይ ቀረበለት፤ በስኒው ማስቀመጫ ላይ እየገለበጠ ጠጣ፤ ስለ ሣሩ፣ ስለ ዝናቡ፣ ባል ስላገባችው ስለ ሱማር ልጅ ስለ ራሂማ ጠየቀ። ነገሩን ያመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ኩሬው ላይ የእሱና የሙሳ መንጋ ተደባልቀው ለመለየት ከጠዋት እስከ ቀትር ፈጀባቸው። በጎቹም ቢሆኑ መሪያቸው ጠፍቷቸው ወዲያ ወዲህ ሲሉ ነበር። የሁለቱም ቤት ቃጭል አንድ ዓይነት ነው የሚጮኸው።

«ሱማር ቻቻ፣ ጥሩ ቃጭሎች ናቸው» አለ ሃሚር እንደ አጎት እየጠራው። «የኔ ግን አይደሉም።»

ሱማር አንዱን አንሥቶ መታው፤ አዳመጠው። «ምኑ ነው ያንተ ያልሆነው?»

«አባቴ የለበትም።»

ሱማር ተቆጣ። ሕመም ያደከመው ሰው ቁጣው ቅርብ ነው። የከተማውን የፋብሪካ ቃጭል ለመግዛት ሰበብ እየፈለግህ ከሆነ ፊት ለፊት ተናገር፣ አጠፋሁ እንዳልል ጆሮዬ ምስክሬ ነው አለው። ሃሚር አልተከራከረውም። መንጋው ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ይነሣል፤ እስከዚያ ከተስተካከሉ ይዟቸው ይሄዳል፤ ካልሆነ የከተማውን ገዝቶ በጎቹን ቀለም ይቀባል። ይህን ብሎ ከጎርፉ የተረፈችውን አንዲት የአባቱን ቃጭል ከሻንጣው አውጥቶ ለመለኪያ ትቶለት ሄደ።

በግ በቀለም መለየት በእኛ ዘንድ ቤቴ ድምፅ የለውም እንደማለት ነው። ሃሚር ይህን እንዲያደርግ ከተገደደ ሌሎቹም ቤቶች ይከተሉታል። ከዚያ በኋላ ሱማር ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ይሆናል እንጂ ቃኚ አይባልም። እሱም ያውቀዋል።

ሦስት ጠዋት ተከታትሎ ጎህ ሲቀድ ተነሣ። ዶሮዎቹ ተደፉ፣ ሙቀጫው ዝም አለ፣ ሱማር የአባትየውን ቃጭል አንድ ጊዜ አዲሱን አንድ ጊዜ እየመታ ቃኘ። በጆሮው ሁሉም ተስተካክለዋል። በሦስተኛው ቀን ሀዋባይ ሻይ ስታቀርብለት ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቃት።

«የራሂማ እናት፣ እስቲ ስሚያቸው። ልዩነት አላቸው?»

ሠላሳ አምስት ዓመት ቃጭል መዳብ ስታለብስ ኖራ እንዲህ ያለ ጥያቄ ተጠይቃ አታውቅም። ትሪውን አስቀመጠች።

«አሮጌዋ ሌላ ናት። አዲሶቹ ሁሉም አንድ ናቸው። ከሁለት ዓመት ወዲህ የሠሯቸው ሁሉ አንድ ናቸው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ጠየቁኝ? ውኃ ቀጂው ሁሉ ያወራዋል። ጆሮ ለባለቤቱ ባዕድ ነው።»

 ሱማር አልተቀየማትም፤ ትሪውን ወደ ጎን አድርጎ አሮጌዋን ቃጭል ደግሞ መታት።

በማግስቱ ቀጠሮው ነበር። ሦስት ቁጥሩን ቃጭል በትከሻ ጨርቁ ጠቅልሎ፣ ፌስታሉን ይዞ ሄደ። የሐኪም ቤቱ ዘበኛ ቃጭሉን ሲያይ መንገድ ዘጋበት፤ ምን ልትሸጥ ነው አለው። ሱማር በሽታዬ ነው ቢለው ከእግር እስከ ራሱ አየውና የቃጭሉን ምላስ በጨርቅ አስሮ እንዲገባ ፈቀደለት። ሦስት ሰዓት ተራ ጠብቆ ሲገባ ያቺ ወጣት ሐኪም ተዛውራለች። ወንበሯ ላይ የተቀመጠው ወፍራም ሐኪም ቀና ሳይል «ምንህን ነው ያመመህ?» አለው። ሱማር ጨርቁን ፈትቶ ቃጭሉን አንድ ጊዜ መታው። ደጅ ያሉት ሕመምተኞች ተራ የተጠራ መስሏቸው በሩ ላይ ተጋፉ።

«ይኼ ቃጭል ነው» አለ ሐኪሙ።

«አዎ ዶክተር፤ ጆሮዬ ውስጥ ያለው ይኼ ነው።»

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ለዚህ የሚዋጥም የሚጨመርም መድኃኒት የለም፤ ስኳር፣ ዕድሜና መዶሻ ተባብረው ያመጡት ነው፤ መዶሻውን ተው አለው።

«መዶሻውን ብተው ጩኸቱ ይቆማል?»

«አይቆምም።»

«እሱ ሳይቆም እኔ ለምን አቆማለሁ?»

ሐኪሙ የአራት ወር ቀጠሮ ጻፈለት።

ሲመለስ አውቶቡሱ ሞልቶ ነበር። ሱማር ያገኘው ቦታ የመጨረሻው ወንበር፣ ልክ ሞተሩ ላይ ነው። ሞተሩ ወንበሩን ከሥር ይደበድበዋል፣ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ጣሪያው ላይ የተጫነው አልጋ ይንኳኳል። ሱማር ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከእንግዲህ ለሃሚር ምን ብዬ እመልስለታለሁ እያለ ነበር። መንገዱ አጋማሽ ላይ አንድ ነገር ጎደለው። እንደተሰረቀ ሰው ኪሱን ዳሰሰ፣ ፌስታሉን ዳሰሰ። የጎደለው ጆሮው ውስጥ ያለው ነበር። ሞተሩ ውጦታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የለም።

አውቶቡሱ ጉድጓድ ሲመታ ጭኑ ላይ ያለው ቃጭል ጮኸ። ሱማር ጠራ ያለ ድምፁን ሰማው። ወደ ጆሮው አስጠግቶ በጣቱ አጥንት መታው፤ ደግሞ መታው። ረዳቱ ከፊት ዞሮ «ቻቻ፣ የጠፋ ፍየል ካለ አውቶቡሱን እናቁምልዎት እንዴ?» አለ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ። ሱማር አልሰማውም። ቀጥሎ ያለው ፌርማታ ላይ ሞተሩ ሲጠፋ ጆሮው ውስጥ ያለው ጩኸት ተመልሶ መጣ። ሲመጣ ደግሞ እጁ ላይ ካለው ቃጭል ድምፅ ጋር እንደ መንትያ ገጠመ።

ያን ጊዜ ገባው። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ በሚመካበት ዝምታ ውስጥ ተቀምጦ እያንዳንዱን ቃጭል ከጆሮው ጩኸት ጋር እስኪስማማ ድረስ ሲመታው ኖሯል። የሃሚርን ቤት አልቃኘም፤ የሙሳንም አልቃኘም። ለአገሩ በግ ሁሉ የራሱን በሽታ አንገቱ ላይ ሲያስርለት ከርሟል። መሳቅ ፈለገ፤ ግን ደክሞት ነበር።

ከአውቶቡሱ ወርዶ ቤቱ አልሄደም። በቀጥታ ወፍጮ ቤት ገባ። የወፍጮው ባለቤት ቬልጂ አብሮ አደጉ ነው፤ ሁለቱ ሲገናኙ ሳይነቋቆሩ አያውቁም። ሱማር ነገሩን በወፍጮው ድምፅ ላይ እየጮኸ ሲነግረው ቬልጂ ወገቡን ይዞ ሳቀ።

«አርባ ዓመት ሙሉ ጎህ ሲቀድ ወፍጮ አታስነሣ፣ ዶሮ አይጩህ፣ ሰው አያስነጥስ ስትለኝ ኖረህ፣ ዛሬ ከወፍጮዬ ሥር ልትቃኝ መጣህ?»

«መጣሁ። ቦታ ትሰጠኛለህ ወይስ ሌላ ወፍጮ ልፈልግ?»

ቬልጂ አንድ ጆንያ ብጣሪ አነጠፈለት።

በማግስቱ ጆንያው ላይ ተቀመጠ። ሀዋባይ አብራው መጣች፤ እሷ የሃሚርን አባት ቃጭል ትመታለች፤ እሱ እጁ ላይ በታሰረው መዶሻ አዲሱን ይነካል። በዚያ ሁሉ ድብደባ መሐል ቃጭሉን ጉንጩ ላይ ለጥፎ ሲያዳምጥ ያ ወፍራም፣ መጨረሻው ሰበር የሚል ድምፅ ቀስ እያለ መጣለት። በአንድ ቀን ስድስት፣ ቢበዛ ሰባት። ከዚያ በላይ ትከሻው አይፈቅድም። ማሽላ ሊያስፈጩ የመጡ ሴቶች ይከቡታል፤ አንዷ «ቻቻ፣ ዱቄቴ ውስጥ ቃጭል እንዳላገኝ» ትለዋለች፤ ሌላዋ ጢሙ በዱቄት ነጭቶ ስታየው፣ ለሀዋባይ አዲስ ሽማግሌ አገባሽ ወይ ትላታለች። ሱማር ቃጭሉን ከጉንጩ አያነሣም። 

በአራተኛው ቀን ላብ አጠመቀውና ቃጭሉ ከእጁ ወደቀ። ምሳ ሳይበላ የስኳሩን መርፌ ተወግቶ ኖሯል። ቬልጂ የሸንኮራ ስኳር ሰባብሮ አፉ ውስጥ ጎሰጎሰለት። የጤና ኬላው ነርስ መጥቶ ሳምንት ሙሉ ከአልጋ እንዳትወርድ አለው። ሱማር እሺ አለና ቂጣ በአሬራ በልቶ እስከ አሥር ሰዓት ተኛ። ወፍጮው ሲነሣ ሰምቶ እሱም ተነሣ። ሀዋባይ አልከለከለችውም፤ የተረፈውን ቂጣ በነጠላዋ ቋጥራ ተከተለችው።

ትናንት ማታ ሲቆጠር ሠላሳ ዘጠኝ ደርሰዋል። የቀሩት ሁለቱ ትላልቆቹ ናቸው፤ አንዱ ከፊት ለሚሄደው መሪ በግ፣ አንዱ ከኋላ ለሚቀረው። የመንጋው መጀመሪያና መጨረሻ የሚታወቀው በእነሱ ነው። ከባድ ስለሆኑ ለመጨረሻ አቆይቷቸው ነበር፤ ዛሬ ማለዳ ሊጨርሳቸው። ዛሬ ማለዳ ግን መብራት የለም። ቬልጂ ወፍጮውን ቢጎረጉር፣ ቢሳደብ፣ ዝም። መንደሩ ሁሉ ዝም ብሏል፤ በሱማር ጆሮ ውስጥ ያለው ብቻ ይጮኻል።

ሃሚር በቀጠሮው መጣ፤ አራት መቶ በጎቹ፣ ግመሎቹና ቤተሰቡ ከኋላው። ሙሳም አሥራ አምስት ቃጭሎቹን ይዞ ለማየት መጥቷል። የእኛ ሰው ቃጭል ሲረከብ ጀርባውን ይሰጣል። ሃሚርም ፊቱን ወደ በረሃው አዙሮ መሬት ተቀመጠ። ሀዋባይ ሠላሳ ዘጠኙን ከሙሳ አሥራ አምስት ጋር ደባልቃ አንድ በአንድ መምታት ጀመረች። የራሱ ሲሆን እጁን ያነሣል፤ የሙሳ ሲሆን አያነሣም። እኔ ቆሜ ቆጥሬያለሁ፤ ሠላሳ ዘጠኝ ጊዜ አነሣ። አንድም አልሳተ።

ሱማር ሁለቱ እንደቀሩት በራሱ አፍ ተናገረ። ሃሚር ዞሮ አየው። ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የከተማውን ሁለት ገዝቼ እሞላባቸዋለሁ፣ እርስዎ አይጨነቁ አለው። እንዲህ ዓይነት ደግነት ከስድብ ይከፋል። የመንጋው ራስና ጅራት የፋብሪካ ሊሆን ነው። 

በጎቹ ግን ውኃ ሳይጠጡ ብዙ ቆመው ነበር። አንዷ ጮኸች፤ ግልገሏ መለሰላት፤ ከዚያ አራት መቶው በአንድ ጊዜ ጮኹ። ሴቶቹ ጆሯቸውን ያዙ። ሱማር ራሱን ቀና አደረገ። አንገቱን ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። ከዚያ ሁለቱን ቃጭሎች ይዞ፣ በዚያ በደነዘዘ እግሩ እየተደናቀፈ መንጋው መሐል ገባ። ሃሚር ሊደግፈው ቢነሣ በእጁ ከለከለው።

«ተቀመጥ። ጀርባህን ስጠኝ። አንድ ሰው ደግሞ በጎቹን ከኩሬው ያርቅልኝ፤ ውኃ ካዩ ዝም ይላሉ።»

በጎቹ እየገፉት፣ ግልገል ጥምጥሙን እየጎተተው፣ መሐላቸው ተንበረከከ። ሀዋባይ ተከትላው ገብታ አሮጌዋን ቃጭል መታች። እሱ ነካ አደረገ፣ ጉንጩ ላይ ለጠፈ፣ ነካ አደረገ። የመሪውን ቃጭል ሲመታ የሃሚር እጅ ተነሣ። ሁለተኛውን ሲመታ አልተነሣም። ሱማር ትከሻውን ያዘ፤ ላቡን በክንዱ ጠረገ። የቀረችው አንዲት ምት ናት፤ ብትበዛ ያ ድምፅ ሄደ። ጠበቀ፤ በጎቹ ጋብ ሲሉ ጠበቀ፣ ሲጮኹ መታ።

የሃሚር እጅ ተነሣ። ሳይዞር፣ እንደተነሣ ቆየ።

ከዚያማ ምን ይነገራል። አርባ አንዱም ታሠሩ፤ መንጋው ወጣ። ሃሚር ሲሰናበት የሱማርን የታሰረች እጅ በሁለት እጁ ይዞ፣ ወንድሜም ከመጪው ዝናብ በኋላ ሃያ ይፈልጋል አለው። ሙሳ አሥራ አምስቱን አቅፎ ቆሞ ነበር፤ «የኔስ?» አለ። ሱማር ሚስቱን ተደግፎ ወደ ቤቱ እየሄደ ነበር፤ ሳይዞር «መብራት ሲመጣ፣ ወፍጮ ቤት» አለው።

አልዳነም። ጆሮው ይጮኻል፤ ጣቶቹ ደንዝዘዋል፤ ሲተኛ እንኳን መዶሻውን ከእጁ የፈታችለት ሀዋባይ ናት። የአራት ወሩ ቀጠሮም አለ፤ ይሄዳል፤ እዚያም ከመጀመሪያው ይጠይቁታል። እስከዚያ ግን ቃኚ ነው፤ ይህን ዛሬ አገር ሰምቷል።

አገር ስል፣ ታላቅ እህቱ አሚናባይ ገና አልሰማችም። ሠርግ ሄዳ ሳምንት ሆናት፤ በእኩለ ቀኑ አውቶቡስ ትመጣለች አሉ። ጥሩምባው ከመታጠፊያው እየተሰማ ነው፤ ከሌላ ሰው አፍ ሳትሰማው ልድረስባት።